ከሺህና ከእልፍ እስከ ሚሊዮንና ቢሊዮን፤ ስለ ብዛት አጠራር

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በንባብ የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ለዚህ ቀን ላደረሰን ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ነፍስ ይማር፤ አላህ ይዘንላቸው። ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ «ይኸ ደግሞ ለቅሬ ስብሰባ ምኑ ነው?» ሊያሰኝ ይችላል። ጉዳዩ ብዙ ሰውና ብዙ ነገር በእኛም ቋንቋ በእንግሊዝኛም በምን በምን ስም እንደሚጠራ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ልጆቻችን ከፍ ካለው ክፍል ጀምሮ፣ ከዚያም በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ ሒሳብ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ሚሊዮንና ቢሊዮንን ያውቃሉ፤ «እልፍ» ስንላቸው ግን ዞር ብለው ያዩናል። ሁለተኛ፣ ሽማግሎቻችንና ባልቴቶቻችን በራዲዮ «ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ተመደበ» ሲባል ይሰማሉ፤ ቢሊዮን ስንት እንደ ሆነ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው የለም። ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ቅሬ ራሱ የቁጥር ቤት መሆኑ ነው። ስንት አባል አለ? ስንት ወንበር ወጣ? ስንት ብረት ድስት ተመለሰ? ከቀብር የቀረው ማነው? እያልን የምንጠያየቅ ሰዎች ስለ ቁጥር ቃላት ብንነጋገር ነውር የለውም። ደግሞም መጨረሻ ላይ ለጉባኤው የምናቀርበው አንድ ከባድ ሀሳብ አለን፤ እዚያ ለመድረስ ነው ይህን ሁሉ የምንዞረው።

፩ኛ. ሺህና እልፍ

ከራሳችን እንጀምር። የግእዝ ቁጥር ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺ እያለ ሄዶ ፻ ላይ ይደርሳል። ሺህ የራሱ ምልክት የለውም። ሺህን ለመጻፍ «ዐሥር መቶ» ይባልና ፲፻ ይጻፋል። ስለዚህ 1977 ሲጻፍ ፲፱፻፸፯ ይሆናል፤ ይኸም ማለት ዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ነው። ዜሮ የሚባል ነገር የለበትም። ከመቶ ቀጥሎ የራሱን ምልክት ያገኘው ቁጥር ፼ ሲሆን ስሙ እልፍ ነው፤ 10,000 ማለት ነው። መቶ ሺህ ዐሥር እልፍ ነው፤ ፲፼ ተብሎ ይጻፋል። ሚሊዮን የምንለው ደግሞ መቶ እልፍ ነው፤ ፻፼ ይባላል። ሊቃውንቱ ከዚያም በላይ ትእልፊት፣ ምእልፊት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። እንግዲህ አባቶቻችን ሚሊዮን የሚለውን ቃል ባይሰሙም ሚሊዮንን መጻፍ አላቃታቸውም ማለት ነው። በአክሱም የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች የተማረከውን ሰውና ከብት በቁጥር እየለዩ መመዝገባቸው፣ በዚህች አገር ቁጥር ከ4ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ የተከበረ ነገር እንደ ነበረ ያሳያል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በቅሬያችን ቄሱም ሼሁም በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። ቄሱ ከግእዙ «እልፍ» ሲሉ 10,000 ማለታቸው ነው። ሼሁ ከዐረብኛው «አልፍ» ሲሉ 1,000 ማለታቸው ነው። ዕብራይስጡም «ኤሌፍ» ብሎ ሺህን ይጠራል። ቃሉ የአንድ ግንድ ቅርንጫፍ ነው፤ ቁጥሩ ግን በዐሥር እጥፍ ይለያያል። ታዲያ ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። ቃል ከአገር አገር ሲሻገር የሚሸከመው ልክ ይለዋወጣል። ይህን እናስታውሰው፤ ቢሊዮን ላይ ስንደርስ ፈረንጆቹም በዚሁ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ እናገኛቸዋለን።

እልፍ በእኛ ዘንድ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ልኩ 10,000 የሆነ ቁጥር ነው። ሁለተኛው «ተቆጥሮ የማያልቅ» ማለት ነው፤ «እልፍ አእላፍ ሰው» ስንል አንድ ሁለት ብሎ የቆጠረ የለም። ግሪኮችም «ሚሪያስ» የሚሉት ቃል ነበራቸው፤ ትርጉሙ ልክ እንደ እልፍ 10,000 ነው። እንግሊዞች ያንን ወስደው «ሚሪያድ» አሉት፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ሚሪያድ ማለት ስፍር ቁጥር የሌለው ማለት ነው። ግሪኩና ግእዙ ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ሄዱ። ሰው የተባለ ፍጡር ዐሥር ሺህ ላይ ሲደርስ መቁጠሩን ትቶ መደነቅ የሚጀምር ይመስላል። የእኛ ሰው ግን ከመደነቅ አልፎ ምክር አወጣበት፦ «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል»። ትንሽ ራመድ ያለ ዐሥር ሺህ ያገኛል ማለት ነው።

የቅሬያችንን ዓይነት የአባላት መዝገብ የገለጠ ሰው ቁጥር በገንዘቡ ዓምድ ብቻ ሳይሆን በስሙም ዓምድ ያገኛል። ሺፈራው፣ ሺበሺ፣ ሺመቤት፣ ሺወርቅ፣ እልፍነሽ፣ እልፍነህ፣ ብዙነሽ፣ ብዙአየሁ የሚሉት ስሞች ሁሉ የብዛት ስሞች ናቸው። ወላጅ አንዲት ልጅ ወልዶ «አንቺ ለእኔ ዐሥር ሺህ ነሽ» ይላታል። በኋላ ዘመን ደግሞ ሚሊዮን የሚባል ልጅ መጣ። አያቱ ሺፈራው፣ የልጅ ልጁ ሚሊዮን የሆነበት ቤት አይታጣም። ገንዘቡም ስሙም አብሮ ወጣ መሰለኝ ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም።

በማዕረግም ቢሆን እንዲሁ ነው። ዐሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ እያልን እንሄድና ሻለቃ ላይ እንደርሳለን። ሻለቃ «ሺህ አለቃ» የነበረው ተቀላጥፎ ነው። ሰውዬው በሥሩ የሚያዘው ሰው ቁጥር ስሙ ሆኖ ቀረ። ሮማውያንም መቶ ወታደር የሚያዘውን ሹም ከመቶ በወጣ ስም ይጠሩት ነበር። በወንጌል ላይ የምናውቀው «ሌጌዎን» የሚለው ቃልም የሮም ጦር ክፍል ስም ሲሆን ብዛቱ ከአምስት እስከ ስድስት ሺህ ወታደር ይደርስ ነበር።

በየቀኑ የምንጠራው ኩንታል እንኳ በውስጡ ቁጥር ደብቋል። ቃሉ ከላቲን «መቶ» ተነሥቶ በዐረብኛው «ቂንጣር» በኩል አልፎ አውሮፓን ዞሮ የመጣ ነው። ይኸው ዛሬም አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው።

፪ኛ. ሚሊዮንና ቢሊዮን

ሚሊዮን የተወለደው ጣልያን አገር ነው። በጣልያንኛ «ሚሌ» ማለት ሺህ ነው። ነጋዴዎቹ ሺህ ጊዜ ሺህን በአንድ ቃል ለመጥራት ሲፈልጉ የቃሉን ጅራት አሳደጉና «ሚሊዮኔ» አሉት፤ ትርጉሙ «ትልቁ ሺህ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ እንግሊዝኛ ገባ፤ በመጨረሻም እኛ ዘንድ ደረሰ።

ቢሊዮን ግን ታሪኩ ጠማማ ነው። ኒኮላ ሹኬ የሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1484 በጻፈው ጽሑፍ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮንን በዚህ ዓይነት ስም ጠራው። በአንዱ ላይ 12 ዜሮ ማለት ነው። በኋላ ግን አንዳንዶች ሺህ ጊዜ ሚሊዮንን፣ ይኸውም 9 ዜሮ ያለውን፣ ቢሊዮን አሉት። አሜሪካኖች ትንሹን ያዙ፤ እንግሊዞች ትልቁን ይዘው ቆዩ። ስለዚህ የለንደኑ ሰውና የኒውዮርኩ ሰው በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ «አንድ ቢሊዮን» ሲሉ የአንዱ ቢሊዮን የሌላውን ሺህ እጥፍ ነበረ! የእንግሊዝ መንግሥት ለመሥሪያ ቤቶቹ የአሜሪካኑን ስሌት የተቀበለው በ1967 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዮች፣ ጀርመኖችና ጣልያኖች ግን እስከ ዛሬ ሺህ ሚሊዮንን «ሚሊያርድ» ነው የሚሉት። ከእነዚያ አገሮች መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ ያለው አባል ይህን ይንገረው። የእኛዎቹ እልፍና አልፍ በዐሥር እጥፍ ነው የተለያዩት፤ የእነሱ በሺህ እጥፍ ነው። በእኛ የሚስቅ ካለ ይህን ይመልከት።

ከዚያ በላይም ይወጣሉ፤ ትሪሊዮን ይላሉ፣ ኳድሪሊዮን ይላሉ። ኤድዋርድ ካስነር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ደግሞ ለአንድና ለመቶ ዜሮ ስም ፈልጎ የ9 ዓመት የወንድም ወይም የእኅት ልጁን ቢጠይቀው፣ ሕፃኑ «ጉጎል» አለው። በሰማይና በምድር ያለው የአተም ብዛት ቢገመት ጉጎልን አይደርስም። እንግዲህ የማይቆጠር ነገር ስም ያገኘው ከሕፃን አፍ ነው። ልጆቻችን በስልካቸው የሚከፍቱት የጉግል ድርጅትም ስሙን ያወጣው ከዚሁ ቃል ነው፤ ፊደሉ በመጠኑ ተለውጦ።

፫ኛ. ብዛቱን በጤፍ ስንሰፍረው

ኧረ ይኸ ሁሉ ስም ምን ያደርግልናል? ስሙን የሚያውቅ ሁሉ ልኩን ያውቃል ማለት እኮ አይደለም። እስቲ ለእናቶቻችን በሚገባ መስፈሪያ እንስፈረው።

የእህል ተመራማሪዎች እንደሚመዝኑት ሺህ የጤፍ ፍሬ አንድ ላይ ሲመዘን ከአንድ ግራም ሲሶ ገደማ ብቻ ይሆናል። በዚህ ስሌት በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን ፍሬ አለ ማለት ነው። እንግዲህ በገበያ አንድ ኪሎ ጤፍ በፌስታል ይዛ የምትመጣ እናት ሦስት ሚሊዮን ነገር ተሸክማለች።

አሁን እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ሰው ነው እንበል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የደቡብ ወሎ ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን ተኩል ጥቂት ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ደሴ፣ ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከለላ፣ ለጋምቦ፣ ተንታ፣ መቅደላ ሁሉም ተጠቃልሎ አንድ ኪሎ አይሞላም። በዚያው ቆጠራ መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ወደ 25 ኪሎ፣ ሩብ ኩንታል ይሆናል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ በ1976 ሲደረግ 42 ሚሊዮን ግድም ነበርን፤ 14 ኪሎ ማለት ነው። የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን ደረሰ ተብሎ በተባበሩት መንግሥታት የተነገረው በኅዳር 2015 ነው። ስምንት ቢሊዮን የጤፍ ፍሬ 27 ኩንታል ያህል ነው፤ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ችሎ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ ኩንታል ውስጥ የደቡብ ወሎ ድርሻ በጆንያ ጥግ ተጣብቆ የሚቀረው ነው!

በጊዜም እንየው። አንድ ሰው በልደት ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በየሰከንዱ አንድ ጠጠር እየጣለ፣ ሳይበላ ሳይተኛ ቢቆጥር፣ አንድ ሚሊዮን ጠጠር የሚሞላለት በከተራ ማታ ነው፤ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ገብተው ካህናቱ ሲያድሩ ማለት ነው። ቢሊዮን ልቁጠር ብሎ ቢነሣ ግን 31 ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ያልቃል። ቆጠራ ሲጀምር የተወለደ ልጅ ሲጨርስ የልጆች አባት ይሆናል። ሚሊዮንና ቢሊዮን በአፍ ሲነገሩ በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ በዘመን ሲለኩ ግን አንዱ የአሥራ ሁለት ቀን ያህል፣ ሌላው የአንድ ትውልድ ነው። በራዲዮ ሚሊዮንና ቢሊዮን ተቀላቅሎ ሲነገር ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ለነገሩ የድመቷ ተረትም አለ፤ «ሺ ቢታለብ በገሌ» አለች አይደል? የተመደበው ቢሊዮን ቢሆንም ወደ መንደራችን የሚደርሰው በገል ስንት እንደ ሆነ መጠየቅ ያባት ነው።

፬ኛ. የጅምላ ስሞች

ከቁጥር ወደ ጅምላ ስሞች እንለፍ። በአማርኛ «ስፍር ቁጥር የሌለው» እንላለን። ይህ ሁለት ነገር ነው፤ የሚሰፈር አለ፣ የሚቆጠር አለ። እህል ይሰፈራል፤ በግ ይቆጠራል። «እልቆ መሣፍርት የሌለው» የሚባለውም ያው ነው፤ ከግእዙ «ኍልቍ» እና «መስፈርት» የመጣ ነው። ኍልቍ ቁጥር ነው፤ ኦሪት ዘኍልቍ የሚባለውም ለዚህ ነው። እንግሊዝኛም ይህን ይለያል፤ ለሚሰፈረው «ማች»፣ ለሚቆጠረው «ሜኒ» ይላል። ልጆቻችን በፈተና ላይ ይህንን ሲያምታቱ «ይሰፈራል ወይስ ይቆጠራል?» ብለው ራሳቸውን ቢጠይቁ ይቀናቸዋል።

ሌላም አለ። ብዙ ለማለት «በርካታ» እንላለን፤ «መዓት»ም እንላለን። በርካታ ከበረከት ጋር ዘመድ ነው። መዓት ግን ቁጣ፣ መቅሠፍት ነው። «በርካታ ሰው መጣ» እና «የሰው መዓት መጣ» ሁለቱም ብዛት ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንዱ መጪውን ይመርቃል፣ አንዱ መጪውን ይፈራል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ወሎን የመታው አንበጣ የእውነትም መዓት ነበረ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል የአንበጣ መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ቀንም 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል።

እንግሊዞች ለየእንስሳው መንጋ የተለየ ስም አላቸው። ለከብት «ኸርድ»፣ ለበግና ለወፍ «ፍሎክ»፣ ለንብ «ስዋርም» ይላሉ። የአንበሳን መንጋ «ፕራይድ» ይሉታል፤ ኩራት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1486 በሴንት ኦልባንስ ከተማ በታተመ የአደን መጽሐፍ እንዲህ ያሉ ስሞች ተዘርዝረው ወጥተዋል፤ አብዛኞቹ ለመኳንንት ጨዋታ የተፈጠሩ ነበሩ። እኛ በአንድ «መንጋ» ብዙውን እንጠቀልላለን፤ በደንቆሮ ጫካ በኩል በገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጭ የሚውለውንም ጭላዳ የጭላዳ መንጋ እንላለን። ለእርሻ ግን ስስታም አይደለንም፤ ጭብጥ፣ ነዶ፣ ሸክም፣ ክምር፣ ጎተራ እያልን ደረጃ በደረጃ እናወጣዋለን። ሰው የሚኖርበትን ነገር በዝርዝር ይጠራል።

ሰው ሲሰበሰብስ? ማኅበር አለን፣ ጉባኤ አለን፣ ሰንበቴ አለን። ከዐረብኛው በኩል ጀማዓ አለን፤ በወሎ ጀማ እንለዋለን። ለሥራ ደቦ፣ ወንፈል፣ ጅጌ አለን። ለኀዘን ደግሞ ሌላው እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ልብ አድርጉ፤ እነዚህ ሁሉ ሰው ለምን እንደ ተሰበሰበ የሚናገሩ ስሞች ናቸው። እንግሊዝኛው «ክራውድ» ግን ለምን እንደ ተሰበሰበ አይናገርም፤ መብዛቱንና መጨናነቁን ብቻ ይናገራል። «ሞብ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። «ሞቢሌ ቩልጉስ» ከሚለው ላቲን ተቆርጦ የቀረ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ነፋስ እንደሚወስደው የሚወላውል ተራ ሕዝብ ማለት ነው።

አሁን የሚያሳስበን ነገር እዚህ ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት በአገራችን ሰው ተሰብስቦ ያለ ዳኛ ሰው የገደለበት ክፉ ጊዜ ታየ። ለዚህ ክፉ ሥራ ስም ሲፈለግ «የደቦ ፍርድ» እና «የመንጋ ፍርድ» ተባለ፤ በራዲዮም በጋዜጣም ተለመደ። ደቦ ምን በደለ? ደቦ ባል የሞተባትን ሴት እርሻ ያረሰ ነው፤ ክንዱ የዛለበትን ሽማግሌ አዝመራ ያጨደ ነው። መንጋም ቢሆን እረኛ ያለው፣ የሚጠበቅ፣ የሚወደድ ነገር ነበረ። ለፈረንጁ ሞብ ትርጉም ስንፈልግ የራሳችንን ደግ ቃል አንሥተን ደም ቀባነው። የዛሬ ልጅ «ደቦ» ሲባል ማጭድ ሳይሆን ድንጋይ ከታየው ነገ ለደቦ ና ሲባል ምን ብሎ ይመጣል? ለዚያ ሥራ ግፍ፣ ነፍስ ግድያ የሚሉ ስሞች ነበሩን፤ እነሱ ይበቁት ነበር።

፭ኛ. ቁጥርና ሙታን

አሁን ወደ ከባዱ እንግባ። ቁጥር የሚያሳየው የተቆጠረውን ብቻ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች እዚሁ ጎረቤታችን መቅደላ ድረስ ሲመጡ ጦራቸው 13,000 ነበረ ይባላል። ነገር ግን ስንቅ ተሸካሚው፣ እንስሳ ነጂው፣ ወጥ ሠሪው ከ26,000 በላይ ነበር፤ የጭነት እንስሳውም ከ40,000 ያልፍ ነበር፤ ዝሆን እንኳ 44 አምጥተዋል። ተዋጊው ከሌላው ሰው በግማሽ ያነሰ ሆኖ ሳለ ታሪክ ሲነገር የሚነሣው ተዋጊው ነው።

የወሎ ስም በዓለም ጆሮ የገባው ከትልልቅ ቁጥር ጋር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ የሞተው ሕዝብ ስንት ነው ሲባል አንዱ 40 ሺህ ይላል፤ ሌላው 200 ሺህ ያደርሰዋል። በጥቅምት 1977 ቢቢሲ ከቆረም ያሳየው ፊልም ዓለምን አስለቀሰ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደንና በፊላዴልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት ለእርዳታ ተደረገ፤ ከቢሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው ተባለ። ተመልካቹ በቢሊዮን ተገመተ። የሞተውስ? አንዳንዶች በ1976 እና በ1977 በመላ አገሪቱ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ሞተ ይላሉ፤ ሌሎች እስከ አንድ ሚሊዮን ያደርሱታል። በሰፈራም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚደርስ ሰው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቡር፣ ወደ ከፋና ወደ ፓዊ ተወስዷል፤ በመንገድና በየሰፈሩም ብዙ ሰው አልቋል።

ወገኖቻችን፣ በ400 ሺህና በአንድ ሚሊዮን መካከል ያለው ልዩነት 600 ሺህ ነው። 60 እልፍ ሰው! ይህን ሁሉ ሰው ግምቱ አንዴ አስገብቶ አንዴ አስወጣው። ግምት የሠሩትን ለመውቀስ አይደለም፤ መዝገብ በሌለበት ከመገመት ሌላ ምን ያደርጉ? ነገር ግን የቅሬ ሰው ይህን ሲሰማ ሊከነክነው ይገባል። ቅሬ ከቶ «ዘንድሮ ከሃያ እስከ ሃምሳ የሚሆን ሰው ቀበርን» ብሎ ሪፖርት አቅርቦ ያውቃል? አያውቅም። ስሙን ከነአባቱ፣ ቀኑን፣ ለቤተ ሰቡ የተከፈለውን ገንዘብ ይጽፋል። ጥሩንባ የሚነፋው ለአንድ ሰው ነው፤ ለአንድ ሺህ ሰው የሚነፋ ጥሩንባ የለም።

ቋንቋችንም ይህን ያግዘናል። እንግሊዝኛው ከአንድ በላይ ሲሆን ስሙን ወደ ብዙ ቁጥር መለወጥ ግዴታው ነው። እኛ ግን አንድ ሰው፣ አምስት ሰው፣ መቶ ሰው፣ ሚሊዮን ሰው ማለት እንችላለን። ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢወጣ «ሰው» የሚለው ቃል አንድ ሆኖ ይቆያል።

፮ኛ. ለጉባኤው የምናቀርበው ሀሳብ

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን አራት ሀሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በቅሬያችን መዝገብ ማንኛውም የገንዘብ ልክ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። 12,500 ከተጻፈ በኋላ «ዐሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር» ይባል። አንዲት ዜሮ በቀላሉ ትጨመራለች፤ ፊደል ግን አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛ፣ በቃለ ጉባኤ ላይ «ብዙ አባል ቀረ»፣ «አያሌ ዕቃ ጠፋ» የሚል አይጻፍ። ስንት እንደ ሆነ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችንን ሚሊዮንና ቢሊዮንን ከእልፍ ጋር፣ የግእዙን አኃዝ ከሌላው ጋር እናስተምራቸው። ደቦንም በመልካም ሥራው እንጥራው፤ በቤታችን እንኳ «የደቦ ፍርድ» አንበል።

አራተኛውና የመጣንበት ጉዳይ ይህ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረኀብና ረኀቡ ባስከተለው በሽታ ከየቤታችን የሞቱትን፣ በሰፈራ ሄደው የቀሩትንም፣ በስም እንመዝግብ። በየአካባቢው የደረሰው ጉዳት መጠኑ ይለያያል፤ ሆኖም ከዚያ ዘመን አንድም ዘመድ ያልጎደለበት የወሎ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ያለ ጥሩንባ፣ ያለ ድንኳን፣ ያለ ሰልስት፣ ያለ ሶደቃ የተቀበሩ ናቸው። አንድ ደብተር ይገዛ። ከፊደል የተዋወቁ ሁለት ሁለት ወጣቶች ከየሰፈሩ ይመረጡ። በየቤቱ እየሄዱ የሟቹን ስም ከነአባት ስም፣ የነበረበትን ጎጥ፣ የሚታወስ ከሆነ ዕድሜውንና የተቀበረበትን ቦታ ይጻፉ። ክርስቲያን እስላም ሳይባል በአንድ ደብተር ይጻፍ። ስሙ ያልወጣለት ሕፃን ቢሆን «የእገሌ ልጅ» ተብሎ ይጻፍ፤ እሱም አንድ ነው።

ይህ ነገር ለነገ የሚባል አይደለም። በ1977 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ስድሳውን አልፏል። በ1966 ሃያ የነበረውም ሰባውን አልፏል። ስሞቹ ያሉት በእነዚህ ሰዎች ራስ ውስጥ ነው፤ አንድ ሽማግሌ በቀበርን ቁጥር አብረን የምንቀብራቸው ስሞች አሉ። ደብተሩ ሲያልቅ ሚሊዮን አይሞላም፤ እልፍም አይሞላ ይሆናል። ሃምሳ ስም ሊሆን ይችላል፤ ሠላሳም ሊሆን ይችላል። የሆነው ይሁን፤ ግምት አይሆንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ነውና አንድ አንድ ስም ይዘን ብንመጣ ለማናችንም አይከብደንም።

ጉባኤው በዚህ ላይ እንዲወያይበትና ውሳኔ እንዲሰጥበት በትሕትና እንጠይቃለን።  ፈጣሪ ቅሬያችንን ይጠብቅልን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ ያለነውንም ሳያጎድል ለከርሞ ያድርሰን። አሜን።